ዓምዱን ትተው ምስማሩን ይጠይቁ፦ «ከጦርነቱ በፊት የተሠራ» የተባለ ቤት ለሚገዛ

ጥያቄው፦ «ከባለቤቴ ጋር ከአትላንታ አንድ ሰዓት ተኩል በምታስኬድ ትንሽ የጆርጂያ ከተማ ውስጥ ባለ 4 ነጭ ዓምድ የእንጨት ቤት ገዝተን የእንግዳ ማረፊያ ልናደርገው አስበናል። ሻጩ በ1852 የተሠራ አንቴቤለም ነው ይላል። ሁለቱ ዓምዶች ከሥራቸው በስብሰዋል፤ ደላላው በፋይበርግላስ ቀይሩት ብሎናል። ጓሮው ውስጥ የጭስ ማውጫ ያላት ትንሽ የእንጨት ቤት አለች፤ የድሮ ወጥ ቤት ናት ተባልን። ዕድሜውን በምን እናረጋግጥ? ከመፈረማችን በፊትስ ምን እንመርምር?»

ምላሽ፦

ዓምዶቹን ለጊዜው ይርሷቸው። ስለ ቤቱ ዕድሜ ከሁሉም ያነሰ የሚነግሩዎት እነሱ ናቸው። «አንቴቤለም» ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ «ከጦርነቱ በፊት» ማለት ሲሆን ጦርነቱም ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤት ሻጮች ግን ቃሉን ነጭ ቀለምና ዓምድ ላለው ነገር ሁሉ ይለጥፉታል። በአሜሪካ ደቡብ ባለ ትልልቅ ዓምድ ቤት ፋሽን የሆነው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከ1820ዎቹ እስከ ጦርነቱ ድረስ፣ የጥንት ግሪክ ቤተ መቅደስን በሚያስመስለው፣ ግሪክ ሪቫይቫል በሚባለው አሠራር፤ ቀጥሎ ከ1890ዎቹ አጋማሽ እስከ 1940 አካባቢ፣ የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ዘመን እያሞገሱ ደግመው በሠሩት ኒዮክላሲካል በሚባለው። ሦስተኛም ዓይነት አለ፣ ገዢን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተውም እሱ ነው፦ ቤቱ እውነትም ከጦርነቱ በፊት የተሠራ፣ ነገር ግን ሲሠራ ከታች ሁለት ከላይ ሁለት ክፍል ብቻ የነበረው ዓምድ አልባ ቀላል ቤት ሲሆን፣ ዓምዱን ከ50 ወይም ከ60 ዓመት በኋላ ገንዘብ ያገኘ ወራሽ ፊቱ ላይ የተከለበት። ስለዚህ «1852» የሚለው ለቤቱ እውነት፣ ለዓምዱ ውሸት ሊሆን ይችላል። ዋጋውም የጥገናው መንገድም በዚህ ይለያያል።

ከፊት ለፊት ቆመው 10 ደቂቃ የሚፈጅ ምርመራ ማድረግ ይችላሉ። በሩን ይዩ። የግሪክ ሪቫይቫል በር ከላዩ ቀጥ ያለ ነው፤ በላዩ ላይ አራት ማዕዘን የመስታወት መስመር፣ በግራና በቀኙም ጠባብ የመስታወት መስመሮች አሉት። በሩ ላይ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ግማሽ ክብ መስታወት ካለ፣ ወይ ከ1820 በፊት የነበረው የፌደራል ዘመን አሠራር ነው፣ ወይም ደግሞ በጣም ዘግይቶ የመጣ ቅጂ። መስኮቶቹ ሁለት ተንሸራታች ክፍል አላቸው፤ በ1850ዎቹ የተለመደው በእያንዳንዱ ክፍል 6 ትንንሽ መስታወት ነው። ሁለት ሁለት ትልልቅ መስታወት ካገኙ ከጦርነቱ በኋላ የተቀየረ ነው፤ አንዳንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ የቅርብ ጊዜ ነው። የዓምዱ ራስ በቅጠልና በጥምዝ ያጌጠ ከሆነ ይጠርጥሩ። ያን ጊዜም ያጌጠ ዓምድ የሚያሠሩ ሀብታሞች ነበሩ፤ የትንሽ ከተማ አናጢ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ዶሪክ የሚባለውን፣ ራሱ ጌጥ የሌለውን ቀላል ዓምድ ነበር። መስታወቱ ሲያዩበት የሚወዛወዝ መሆኑን ግን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ ደላሎች የሚወዱት ምልክት ቢሆንም እንዲህ ያለ መስታወት እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይመረት ነበር።

ለማነጻጸር ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀን ሰውተው ከአትላንታ በስተሰሜን ሮዝዌል የሚገኘውን ቡሎክ ሆል ይጎብኙ። ዊሊስ ቦል የተባለ ባለሙያ በ1839 ለጄምስ ስቲቨንስ ቡሎክ የሠራው ነው፤ የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እናት ያደገችበትና በታኅሣሥ 1853 ያገባችበት ቤት ሲሆን ዛሬ የከተማው ንብረት ነው። አራት ዓምዶቹና በላያቸው ያለው ሦስት ማዕዘን ከቤቱ ጋር አብረው የታሰቡ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ የፊቱ ሦስት ማዕዘን የራሱ የቤቱ ጣሪያ ጫፍ ነው። የእርስዎ ቤት ግን ጣሪያው በአንድ አቅጣጫ ሄዶ የበረንዳው ጣሪያ ከፊቱ እንደ ኮፍያ ከተለጠፈ፣ በረንዳው ኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። አትላንታ ራሷ በ1864 በጦርነቱ ስለተቃጠለች እዚያ ውስጥ የሚያነጻጽሩት ብዙ የለም። በነገራችን ላይ «የሼርማን ጦር በውበቱ ተማርኮ ያላቃጠለው ቤት» የሚል ወሬ በጆርጂያ በየከተማው ይሰማል (ሼርማን በዚያ ጦርነት ጆርጂያን የወረረው የሰሜን ጄኔራል ነው)፤ ሰነድ ካልቀረበበት በዋጋው ላይ አንድ ዶላር እንኳ አይጨምሩለት።

አሁን ቱታ ለብሰው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ ከወለሉ በታችና ከኮርኒሱ በላይ ይግቡ። ቤት የሚዋሸው በሚታይበት በኩል ነው፤ ማንም ቀለም ያልቀባውና ያልለሰነው ቦታ አይዋሽም።

ከምስማሩ ይጀምሩ። በእጅ የተቀጠቀጠ ምስማር በአራቱም ጎን ወደ ጫፉ ይቀጥናል፤ ይህ እስከ 1800 አካባቢ ዋናው ነበር። በማሽን ከብረት ሉህ የተቆረጠው በሁለት ጎን ብቻ ይቀጥናል፣ ሌሎቹ ሁለት ጎኖች ትይዩ ናቸው፣ ጫፉም ደነዝ ነው፤ ከ1790ዎቹ ጀምሮ ገብቶ እስከ 1880ዎቹ ገዛ። ዛሬ የምናውቀው ክብ የሽቦ ምስማር ገበያውን የያዘው በ1890ዎቹ ነው። እንግዲህ በ1852 የተሠራ ቤት አጥንቱ ሁሉ በተቆረጠ ምስማር መያዝ አለበት። አንድ ምስማር ግን ምስክር አይሆንም፤ የድሮ ምስማር ከፈረሰ ቤት ተነቅሎ እንደገና ሊያገለግል ይችል ነበር። ከጣሪያው ወራጅ፣ ከወለሉ ጣውላ፣ ከልስኑ ማገር፣ ከበሩ ጉበን፣ ከበረንዳው ወለል፣ በጠቅላላው ከ10 ቦታ ያላነሰ ይዩ። ልዩ ትኩረት የሚሰጡት የበረንዳው ጣሪያ ከዋናው ቤት ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነው። ዋናው ቤት በተቆረጠ ምስማር፣ የበረንዳው ወራጅ ደግሞ በክብ ምስማር ተመትቶ ካገኙት ጥያቄዎ እዚያው ተመለሰ። አንዳንድ ጊዜ በዚያ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ አዲሱ ጣሪያ የሸፈነው፣ ቀድሞ ዝናብና ፀሐይ ያገኘው የድሮው የጣሪያ ክፈፍ ከነቀለሙ ይገኛል፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈልጉ።

ቀጥሎ የመጋዙን ጥርስ ምልክት ያንብቡ። ባትሪውን ከጎን አስጠግተው ሲያበሩ ሻካራው ጎልቶ ይወጣል። ቀጥ ያሉ ትይዩ መስመሮች ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ የውሃ ኃይል መጋዝ ሥራ ናቸው፤ ቅስት መስመሮች የክብ መጋዝ ሥራ ናቸው። ክብ መጋዝ በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ እየተስፋፋ ስለነበር በ1852 ቤት ሁለቱንም ቢያገኙ አይደንግጡ። ትልልቆቹ ተሸካሚ እንጨቶች ግን በመጥረቢያ የተጠረቡ ሊሆኑ ይገባል፦ የጠርዙ ስንጥቅ፣ የመጥረቢያው ሰያፍ ምት ይታያል። መገጣጠሚያቸውም በምስማር አይደለም፤ በአንዱ ላይ ቀዳዳ ተፈልፍሎ የሌላው ጫፍ እንደ ምላስ ገብቶበት በእንጨት ችንካር ይያዛል። ከመገጣጠሚያው አጠገብ በመሮ የተቆረጡ የሮማ ቁጥሮች ካዩ፣ አናጢው እንጨቱን መሬት ላይ ገጥሞ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ፈትቶ እንደገና ሲያቆመው የጻፋቸው ናቸው። በተቃራኒው ግድግዳው ሁሉ በቀጭን ቋሚዎች ተደርድሮ በምስማር ብቻ ከተያዘ፣ ይህ አሠራር በ1830ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ቢጀመርም በደቡብ የተስፋፋው ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ 1852 የሚለው ያጠራጥራል። የበር ማጠፊያ ቪቲም ፍንጭ አለው፤ ሹል ጫፍ ያለው ቪቲ በማሽን መመረት የጀመረው በ1846 አካባቢ ሲሆን ከዚያ በፊት ጫፉ ደነዝ ነበር።

ይህን ሁሉ ራቁቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ሚሲሲፒ ውስጥ ናቼዝ ከተማ የሚገኘውን ሎንግዉድን ይይ። ሃለር ነት የተባለ የጥጥ ባለሀብት የፊላዴልፊያውን አርክቴክት ሳሙኤል ስሎንን ቀጥሮ በ1860 ያስጀመረው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት ነው። ጦርነቱ በ1861 ሲነሳ የሰሜን ባለሙያዎች ሥራውን ጥለው ሄዱ። ከታቀዱት 32 ክፍሎች ያለቁት ምድር ቤቱ ውስጥ ያሉት 9 ብቻ ናቸው፤ የላይኞቹ ፎቆች ግን ያለ ልስን፣ አጥንታቸው እንደታየ ዛሬም ቆመዋል።

ከምስማርና ከመጋዝ የሚወጣው ዕድሜ በ10 እና በ20 ዓመት የሚገመት ነው። ትክክለኛውን ዓመት የሚሰጠው የእንጨት ቀለበት ቆጠራ ነው፦ ባለሙያው ከ8 እስከ 10 ከሚሆኑ ዋና እንጨቶች የእርሳስ ውፍረት ያለው ናሙና በመሰርሰሪያ ያወጣል፤ የመጨረሻው ቀለበት ከልጣጩ ጋር ካለ ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ይነግርዎታል። ልጣጩ የተጠረበ እንጨት ላይ ግን ውጤቱ «ከዚህ ዓመት በኋላ» ከማለት አያልፍም፤ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ከወለሉ ሥር ክብነቱን ያልለቀቀ ግንድ መኖሩን ይዩ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በጆርጂያ የመሬት ሽያጭ መዝገብ የሚገኘው በካውንቲው (ከክፍለ ግዛት በታች ባለው የአካባቢ አስተዳደር) የሱፐሪየር ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ነው፤ ኑዛዜና የውርስ ቆጠራ ደግሞ በፕሮቤት ፍርድ ቤት። ከአሁኑ ሻጭ ተነስተው ወደ ኋላ፣ ከገዢ ወደ ሻጭ እያሉ ይውረዱ። የሽያጭ ውል የሚናገረው ስለ መሬት እንጂ ስለ ቤት አይደለም፤ የ1852 ውል አገኘን ማለት በ1852 ቤት ነበረ ማለት አይደለም። ብዙው «የተሠራበት ዓመት» ከዚህ ስህተት የመጣ ነው። የሚፈልጉት በግብር መዝገብ ላይ የዚያው መሬት ግምት በአንድ ጊዜ የዘለለበትን ዓመት ነው። አካባቢውም ወሰን ይሰጣል፦ ቤቱ በሰሜን ጆርጂያ ቸሮኪ የሚባሉት የአሜሪካ ተወላጆች በነበሩበት ግዛት ውስጥ ከሆነ፣ መሬቱ ለነጮች በዕጣ የታደለው በ1832 ሲሆን ቸሮኪዎቹ በኃይል የተባረሩት በ1838 ነው፤ ከ1832 በፊት የተሠራ ነው ከተባለ ያሠራው ቸሮኪ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለም አለ፦ ጄምስ ቫን የተባለው የቸሮኪ መሪ በ1804 ያሠራው የጡብ ቤት ዛሬም ቻትስዎርዝ አጠገብ ቆሟል፤ እሱም ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ከ1933 ጀምሮ የመንግሥት አርክቴክቶች የለኳቸውና ፎቶ ያነሷቸው የቆዩ ቤቶች ስብስብም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፤ የካውንቲዎን ስም አስገብተው ይፈልጉ። ዕድል ካለዎት ቤትዎ በ1930ዎቹ ምን ይመስል እንደነበር ያዩታል።

አሁን ወደ በሰበሱት ዓምዶች። የዚያ ዘመን የእንጨት ዓምድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከሙሉ ግንድ የተላገ ሲሆን እንዳይሰነጠቅ መሐል ልቡ ከላይ እስከ ታች የተሰረሰረ ነው። ሌላው እንደ በርሜል ከረጃጅም ጣውላዎች ተገጣጥሞ የተሠራ ባዶ ዓምድ ነው። በጣት አንኳኩተው ያዳምጡ፣ የጣውላዎቹን መገናኛ መስመርም በጥፍርዎ ይፈልጉ። ሁለቱም ከውስጣቸው አየር እንዲመላለስ ከሥርና ከራስ ክፍት መሆን ነበረባቸው። የሚበሰብሱት ሰው ያንን ክፍት ሲደፍነው ነው፦ ሥሩን በስሚንቶ ያስረዋል፣ ስንጥቁን በሲሊኮን ይሞላዋል፣ በላዩ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ቀለም ይቀባዋል። ከራሱ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል፣ ውሃው ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፣ የመጨረሻው 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ወደ ስፖንጅነት ይለወጣል። ስለዚህ የሥሩ መበስበስ ብዙውን ጊዜ የጣሪያው አሸንዳ በሽታ ነው፤ አሸንዳውን ሳያድኑ ዓምዱን ቢያድኑት ከ10 ዓመት በኋላ ያው ነው።

ጥገናው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ የበረንዳው ጣሪያ በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዛል፤ ድጋፉ በበረንዳው ጣውላ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ በተነጠፈ ወፍራም እንጨት ላይ ይቁም፣ አለበለዚያ ዓምዱ ሲወጣ ወለሉን ሰብሮ ይወርዳል። በክሪክ ሲነሳ ከጥቂት ሚሊሜትር አይለፍ፤ ዓላማው ክብደቱን መቀበል እንጂ ጣሪያውን ማቃናት አይደለም። ለአሥርት ዓመታት የተጣመመን ጣሪያ በአንድ ቀን ሲያቃኑት በላይኛው ፎቅ ልስኑ ይሰነጠቃል። ከዚያ የበሰበሰው ክፍል ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ ተቆርጦ፣ በተመሳሳይ ዓይነትና ደረቅ እንጨት አዲስ ሥር ይገጠምለታል። ከሥሩ ያለው መቀመጫ አየር የሚያስገባ መሆን አለበት፤ በመቀመጫውና በወለሉ መካከልም የእርሳስ ወይም የመዳብ ሉህ ይገባል። ሁለት ዓምድ ከሥሩ መጠገን ሁለቱን ጥሎ ከመቀየር ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ለእናንተ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ማረፊያው ገቢ የሚያስገኝ ስለሆነ፣ ቤቱ በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ካለ ወይም በተመዘገበ ሰፈር ውስጥ ከተቆጠረ፣ ለጥገና ካወጡት ወጪ 20 በመቶው በ5 ዓመት ተከፋፍሎ ከፌደራል ግብር ይቀነስልዎታል። ሁኔታው ጥብቅ ነው፦ የጥገናው ወጪ ከሕንፃው የሂሳብ ዋጋ (መሬቱን ሳይጨምር ለግብር ከሚያዝለት ዋጋ) መብለጥ አለበት፣ ዕቅዱም በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት መጽደቅ አለበት። ሊድን የሚችል የመጀመሪያ ዓምድ ወርውሮ ፋይበርግላስ የሚተክል ዕቅድ ይህን ፈቃድ አደጋ ላይ ይጥላል። ማመልከቻውን አንድም ምስማር ከመነቀሉ በፊት ያስገቡ። ዓምዶቹ ከ1900 በኋላ የመጡ ሆነው ቢገኙስ? ያኔም አይቸኩሉ፤ መቶ ዓመት ያለፈው ጭማሪ ራሱ እንደ ታሪክ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

ከዓምዱ በላይ ገንዘብ የሚበላው ግን ወለል ሥር ያለው ነው። የዚያ ዘመን የጆርጂያ ቤት የሚቆመው በጡብ ወይም በድንጋይ እግሮች ላይ ነው፤ በእግሮቹ መካከል ነፋስ ያልፍ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያ ክፍት ቦታ በብዙ ቤቶች በብሎኬት ተዘግቷል። እርጥበቱ ታፍኖ ዙሪያውን የሚሸከመው ዋና አግዳሚ ይበሰብሳል፣ ምስጥም በብሎኬቱ ውስጥ ለውስጥ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ይወጣል። ወስፌ ይዘው በየሜትሩ ይውጉት፤ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ያለ ተቃውሞ ከገባ እንጨቱ ሄዷል። በተለይ ከመታጠቢያ ቤት በታችና የአሸንዳው ውሃ በሚወርድባቸው ማዕዘኖች። ጤነኛ ሆኖ ካገኙት ደግሞ ደስ ይበልዎት፤ የድሮው የረጅም ቅጠል ጥድ ልብ በዝፍት የተሞላ፣ ዛሬ በገበያ በቀላሉ የማይገኝ እንጨት ነው።

የጭስ ማውጫውና የእግሮቹ ጡብ የተያያዘው በኖራና በአሸዋ ነው። ያኔ የተጠበሰው ጡብ ለስላሳ ነው። በአሜሪካ ፖርትላንድ ስሚንቶ መመረት የጀመረው በ1870ዎቹ ስለሆነ፣ መገናኛው ላይ ጠንካራ ግራጫ ነገር ካዩ ኋላ የገባ ጥገና ነው፤ ጉዳትም ነው። ስሚንቶው ከጡቡ ስለሚጠነክር፣ ግድግዳው ሲያብጥና ሲኮማተር የሚሰነጠቀው መገናኛው መሆኑ ቀርቶ ጡቡ ይሆናል፤ እርጥበቱም በመገናኛው መውጣት ስለማይችል በጡቡ ፊት ሲወጣ ፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። ትክክለኛው ሙሊት አንድ እጅ ኖራ ለሁለት ተኩል ወይም ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። አሮጌው ሙሊት የመገናኛውን ስፋት ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ጥልቀት በእጅ መሮ ይወጣል፤ ፍሌክስ የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል። ኖራው ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ ብርድ በሚበረታበት ወቅትም አይሠራ። አሸዋ በአየር ግፊት ተረጭቶ ጡብ እንዲጸዳ የሚያቀርብልዎትን ሰው ደግሞ ከግቢ ያስወጡ፤ ጠንካራውን የጡቡን ቆዳ ገፎ ነው የሚሄደው። «ጡቡ ከእንግሊዝ በመርከብ የመጣ ነው» የሚሉዎትንም በፈገግታ ይለፉት። የጆርጂያ መሬት ራሱ ቀይ ሸክላ ነው፣ ጡቡም የሚሠራው እዚያው አቅራቢያ ነበር። ማን እንደሠራው ጡቡ ላይ ይታያል፤ ሳይደርቅ ሲያነሱት የቀረ የጣት አሻራ፣ አንዳንዴም የልጅ ጣት።

በ1978 ከታገደው የእርሳስ ቀለም (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለበት) የጸዳ የዚህ ዕድሜ ቤት አይጠብቁ። ሻጩ የሚያውቀውን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ እርስዎም ለምርመራ 10 ቀን የመጠየቅ መብት አለዎት። ለክፍያ የሚሠራ ማንኛውም ቀለም ሠሪና አናጢ የእርሳስ ሥራ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። የኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ከኮርኒሱ በላይ በነጭ የሸክላ እንክብሎች ላይ የተዘረጋ ሽቦ ካዩ ከመፈረምዎ በፊት ለመድን ድርጅትዎ ይደውሉ፤ ብዙዎቹ አይቀበሉትም።

የጓሮዋን ቤት ለመጨረሻ ያቆየኋት ከሁሉ አስፈላጊ ስለሆነች ነው። ወጥ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ የሚሠራው ለእሳት አደጋ፣ ለሙቀትና ለሽታ ነበር፤ ሌላ የማይነገር ምክንያትም ነበረው፦ የሚሠሩት ሰዎች ከእንግዳ ዓይን እንዲርቁ። ግን «የድሮ ወጥ ቤት» የሚለው የደላላ ልማድም ሊሆን ይችላል። ምድጃውን ይለኩ። የወጥ ቤት ምድጃ አፉ 5 ወይም 6 ጫማ ይሰፋል፣ በጎኑ ድስት የሚንጠለጠልበት የብረት ክንድ ወይም የክንዱ ማጠፊያ ቀዳዳ ይኖረዋል። ምድጃው ጠባብ ከሆነ መኖሪያ ነበረች። ጭስ ማውጫው መሐል ላይ ሆኖ በግራና በቀኝ ሁለት ምድጃ ካለው፣ በሮቹም ሁለት ከሆኑ፣ በባርነት የተያዙ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩባት ናት። መስኮት የሌላት፣ ወራጆቿ በጥቀርሻ የጠቆሩ፣ የግድግዳው እንጨት በጨው ተበልቶ እንደ ጸጉር የቆመ ከሆነ ደግሞ የሥጋ ማጨሻ ነበረች። ወጥ ቤት ብትሆንም እንኳ ኮርኒሷ ላይ ያለውን ቆጥ ወይም የጎን ክፍሏን ይዩ፤ ምግብ አብሳይዋ ከነልጆቿ ብዙ ጊዜ የምታድረው እዚያው ነበር።

ትልቁን ቤትም የሠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። «ባለሙያው እገሌ ሠራው» ሲባል እገሌ ውል የፈረመው ነጭ ነው፤ ጡብ የጠበሰው፣ ግንድ የጠረበው፣ ልስን የለሰነው ብዙ ጊዜ በባርነት የተያዘ አናጢና ግንበኛ ነበር። ከእነሱ መካከል ስሙ የቀረልን ሆራስ ኪንግ ነው። በ1807 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በባርነት ተወልዶ፣ በኮሎምበስ ጆርጂያ የቻታሁቺን ወንዝ ድልድይ ከሠሩት ዋናዎቹ አንዱ ሆነ፤ በ1846 በአላባማ ምክር ቤት ሕግ ነጻ ወጣ፣ ከጦርነቱ በኋላም በዚያው ምክር ቤት ተመራጭ ሆኖ ተቀመጠ። ሳቫና ውስጥ አርክቴክቱ ዊልያም ጄይ ከ1816 እስከ 1819 ያሠራው የኦውንስ ቶማስ ቤትም ሙዚየሙ ስሙን በ2018 ሲለውጥ «የባሪያዎች መኖሪያ» የሚለውን ጨምሮበታል፤ እዚያ በጓሮው ሕንፃ ኮርኒስ ላይ ክፉ መንፈስ እንዳይገባ የተቀባው ሰማያዊ ቀለም ዛሬም ይታያል።

በእርስዎ ግቢ የኖሩትን ስም መፈለግ ይቻላል። የ1850 እና የ1860 የሕዝብ ቆጠራ የባሪያ መዝገብ በባለቤቱ ስም ሥር ዕድሜና ፆታ ይዘረዝራል፤ ስም አይጽፍም። ስሙ የሚገኘው ባለቤቱ ሲሞት በተደረገው የውርስ ቆጠራ ውስጥ ነው፣ ከበሬና ከማረሻ ተርታ፣ ከነዋጋው። ከዚያ በ1867 የተካሄደውን የጆርጂያ የመራጮች ምዝገባና የ1870ን ቆጠራ ይዩ፤ ነጻ የወጡት ሰዎች በሙሉ ስማቸው በሕዝብ ቆጠራ ላይ የተጻፉት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ከዚያው አካባቢ አልራቁም፤ ዘሮቻቸው ዛሬም ከተማዋ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ስለ ቤቱ ከሻጩ የበለጠ የሚያውቁም እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። የማረፊያውን ማስታወቂያ ከመጻፍዎ በፊት የአካባቢውን የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ይጠይቁ።

እስከዚያው ትንሿን ቤት ወደ እንግዳ ክፍል ለመለወጥ አይቸኩሉ። ጣሪያዋን ከዝናብ ይጠብቁ፣ ከግድግዳዋ ሥር የተከማቸውን አፈርና ቅጠል ጠርገው ውሃው እንዲርቅ ያድርጉ፣ ሌላ አይንኩ። የውሃ ቧንቧ ለማስገባት ወለሏ ሊቆፈር ነው ከተባለም ያስቁሙ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በምድጃው ፊት ከወለሉ ሥር አንዳንድ ጊዜ ትንንሽ ጉድጓዶች ይገኛሉ፤ ነዋሪዎቹ ስኳር ድንች፣ መሣሪያና የግል ዕቃ ያስቀምጡባቸው ነበር። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የተሰበረ ሸክላ፣ የመርፌ ቤት ይወጣል። የቅርብ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ክፍል ጠርተው በወንፊት የሚያጣራ ሰው ሳይመጣ የምድጃውን ድንጋይ አያንሱ።